ባለቤት ያጡ ፓኬጆች በማን እጅ ይቆዩ? የዴቢያን የጉዳይ ጥናት

## ለምን ይህ ጉዳይ

ሶፍትዌር ተጽፎ አያልቅም። ከተጻፈ በኋላ ለዓመታት የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን፣ ከአዲስ ኮምፓይለር (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም ከሚቀይር መሣሪያ) ጋር የሚያስማማ፣ ተጠቃሚ «አልሠራ አለኝ» ሲል መልስ የሚሰጥ። ይህ ሰው በነጻ የሚያገለግል ከሆነ አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም። ልጅ ይወልዳል፣ ሥራ ይቀይራል፣ ይሰለቸዋል፣ አንዳንዴም ይሞታል። ፓኬጁ፣ ማለትም ለመጫን ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ፕሮግራም፣ ግን እዚያው ይቀራል፤ ሰውም መጫኑን ይቀጥላል።

ዴቢያን የሚባለው፣ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ነጻ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና የሚያዘጋጅ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ከዚህ ችግር ጋር ሲታገል ኖሯል። ሥራውን በአደባባይ ስለሚሠራ ምን እንደሞከረ፣ ምን እንደተሳካለትና ምን እንደከሸፈበት ከውጭ ሆኖ ማየት ይቻላል። እኔም የማየው ከውጭ ነው። የግለሰቦችን ስም ትቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## ዳራ

ዴቢያን የተመሠረተው በኦገስት 1993 ነው። ኡቡንቱን ጨምሮ ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች የተገነቡት በእሱ ላይ ነው። በ2025 የወጣው 13ኛው ስሪት 69,830 ፓኬጆች አሉት። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት አንድ ሺህ ገደማ ይፋዊ አባላትና በዙሪያቸው ያሉ ሌሎች ፈቃደኞች ናቸው።

እያንዳንዱ ፓኬጅ ላይ ሜንቴይነር የሚባል ስም ተጽፎ ይገኛል። ሜንቴይነሩ ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ደራሲ አይደለም። ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ከዴቢያን ጋር እንዲስማማ አድርጎ የሚያዘጋጅ፣ የሚያድስና ለሚመጣው ቅሬታ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው።

የቆየው ባህል የባለቤትነት ስሜቱ ጠንካራ ነው። የአንዱን ፓኬጅ ሌላው ዝም ብሎ አይነካም። አንገብጋቢ ችግር ካለ ሌላ አባል ጊዜያዊ ጥገና አድርጎ ማስገባት ይፈቀድለታል፤ ግን እንደ እንግዳ ነው። የሚነካው ለችግሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ ቤቱን እንደገና አያደራጅም። ይህ ባህል ለዓመታት ጠቅሟል። «ይህን ማን አበላሸው? ማን ያስተካክለው?» ለሚለው ጥያቄ ሁሌም መልስ ነበር።

ባለቤቱ እስካለ ድረስ ማለቴ ነው።

## ችግሩ

ባለቤት ማጣት ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። ሰውየው ራሱ «ከአሁን በኋላ አልችልም» ብሎ ያስታውቃል። ዴቢያን ለዚህ የሚሆን የቆየ መዝገብ አለው። «ረዳት እፈልጋለሁ»፣ «ተረካቢ እፈልጋለሁ»፣ «ትቼዋለሁ»፣ «እኔ ልረከበው ነው» የሚሉ ማስታወቂያዎች እዚያ ይገባሉ። በየሳምንቱ ዓርብ ማጠቃለያው ለአባላት በኢሜይል ይላካል። በቅርብ ዓመታት «ትቼዋለሁ» በሚለው ክፍል ከአንድ ሺህ በላይ ፓኬጆች ተመዝግበው ቆይተዋል።

ሁለተኛው መልክ የባሰው ነው። ሰውየው ምንም ሳይል ይጠፋል። ስሙ ፓኬጁ ላይ አለ፤ ለኢሜይል ግን አይመልስም። የብልሽት ሪፖርት ይከመራል፤ መልስ የለም። በወረቀት ላይ ባለቤት ስላለው ሌላ ሰው ደፍሮ አይነካውም። በተግባር ግን የማንም አይደለም። «ትቼዋለሁ» ያለ ሰው ትልቅ ውለታ ውሏል። ዝም ብሎ የጠፋው ፓኬጁን ቆልፎበት ነው የሄደው።

ሰዎች ለምን ዝም ይላሉ? አብዛኛው ስንፍና አይመስለኝም። «የሚቀጥለው ቅዳሜ እመለስበታለሁ» እያሉ ዓመት ያልፋል። ትቼዋለሁ ብሎ መጻፍ ደግሞ ሽንፈትን ማመን ይመስላል። ይህ በየትኛውም የበጎ ፈቃድ ሥራ ያለ ነው። የዕድር ጸሐፊም መዝገቡን ይዞ እንዲሁ ይጠፋል።

## የመጀመሪያው መፍትሔ፦ የጋራ አድራሻ

አንድ ፓኬጅ ባለቤት አልባ ተብሎ ሲታወጅ የሜንቴይነሩ ስም ይነሳና በምትኩ የጥራት ቡድኑ ስም ይገባል። ከዚያ በኋላ የብልሽት ሪፖርቶች ወደ ቡድኑ የጋራ አድራሻ ይሄዳሉ። የተዘጋጀ ፓኬጅ ወደ ዴቢያን ማከማቻ የመስቀል መብት ያለው ማንኛውም አባል ፓኬጁን አስተካክሎ መልቀቅ ይችላል፤ በለውጥ መዝገቡ መጀመሪያ መስመር ላይ የጥራት ቡድን ሥራ መሆኑን ይጽፋል። ፈቃድ መጠየቅ የለም፤ መጠበቅም የለም። አባል ያልሆነ ሰውም ሥራውን አዘጋጅቶ አንድ አባል እንዲመረምርለትና እንዲሰቅልለት መጠየቅ ይችላል። ብዙ አዳዲስ ሰዎች ወደ ዴቢያን የገቡት በዚህ በር ነው።

ለጠፉት ሰዎች ደግሞ ሌላ ቡድን አለ። ደጋግሞ ይጽፍላቸዋል፣ ይጠብቃል። መልስ ካልመጣ ፓኬጆቻቸውን ባለቤት አልባ ብሎ ያውጃል። ሥራው ዘገምተኛና አሰልቺ ነው። ማንም አያጨበጭብለትም፤ ያለ እሱ ግን የጋራ አድራሻው ግማሹን ሥራ እንኳ አይሠራም ነበር።

ይህ አሠራር አንድ ነገር በደንብ ፈትቷል። የመጠገን መብትን ከባለቤትነት ለይቷል። አንድ ከሰዓት ብቻ ያለው ሰው ገብቶ አንድ ቀዳዳ ደፍኖ መውጣት ይችላል፤ ለአሥር ዓመት ኃላፊነት ውሰድ አይባልም። እንዲህ ዓይነት አጭር እገዛ የሚሰጥ ሰው ከቋሚ ተረካቢ በብዙ ይበልጣል።

ያልፈታውስ? የጥራት ቡድን ሲባል ቢሮና ሠራተኛ ያለው ቡድን እንዳይመስላችሁ። በተግባር አድራሻ ነው። ወደዚያ የሚመጣን ደብዳቤ የማንበብ ግዴታ ያለበት የተመደበ ሰው የለም። ስለዚህ እዚያ ያለ ፓኬጅ የሚጠገነው አንድ ሰው በራሱ ምክንያት ሲያስታውሰው ነው። የማይታወስ ፓኬጅ ደግሞ እዚያው ዓመታት ይቀመጣል።

ሁለተኛው ጉድለት የእውቀት ነው። ለአንድ ከሰዓት የመጣ ሰው ፓኬጁን አያውቀውም። የሚነካው ደግሞ አንዳንዴ በጣም ስስ ነገር ነው። ዴቢያን ይህን ትምህርት ያገኘው ባለቤት ካለው ፓኬጅ ነበር። በ2006 ሚስጥራዊ የኮምፒውተር ቁልፎችን በሚሠራው የኦፕን-ኤስኤስኤል ፓኬጅ ላይ የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማጥፋት ተብሎ ጥቂት የኮድ መስመር ተነሳ። በዚህ ምክንያት ሚስጥራዊ ቁልፎቹ በቀላሉ የሚገመቱ ሆኑ። የታወቀው በሜይ 2008 ነው። በዓለም ዙሪያ የሰርቨር ቁልፎች እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ፓኬጁን የሚይዝ ሰው እንኳ እንዲህ ከተሳሳተ አላፊ አግዳሚው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ባለቤት አልባ ፓኬጅ ላይ የሚሠራ ሰው በጥቂት ለውጥ መወሰኑ ተገቢ ነው የምለው ለዚህ ነው።

## ጎረቤት ቤት የሆነው

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ባለቤት የሌለውንማ ማን ይፈራዋል?

ማነጻጸሪያ የሚሆነን አርች የሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ነው። አርች ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚያስቀምጡት የፓኬጅ ማከማቻ አለው። እዚያ ባለቤት የተወውን ፓኬጅ ሌላ ተመዝጋቢ በአንድ ክሊክ ይረከባል። በጁላይ 2018 አንድ ተመዝጋቢ የአዶቢን ፒዲኤፍ ማንበቢያ ለሊኑክስ የሚያዘጋጅ የተተወ ፓኬጅ ተረከበ። ከዚያ ሌላ ስክሪፕት ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያስኬድ መስመር ጨመረበት። ስክሪፕቱ የኮምፒውተሩን መረጃ ይሰበስብ ነበር፤ በየተወሰነ ደቂቃም ራሱን እንዲያስነሳ ተደርጎ ነበር። ሌሎች ሁለት ፓኬጆችም ተነክተው ተገኙ። ነገሩ ቶሎ ታወቀ፤ ለውጡ ተመለሰ፣ አካውንቱም ተዘጋ።

አርች እነዚህን ፓኬጆች በራሳችሁ ኃላፊነት ተጠቀሙ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ቃል አላጠፈም። ግን ለሁላችንም የሚያሳየው ነገር አለ። የተተወ ፓኬጅ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ እምነት አለ። ተጠቃሚው የሚያምነው ስሙን ነው፤ ከጀርባ ያለው ሰው መቀየሩን አያይም። ርክክቡ ማጣሪያ ከሌለው፣ ያ እምነት መጀመሪያ ለደረሰ ሰው በነጻ ይተላለፋል።

በዴቢያን የጋራ አድራሻ በኩል ይህ በር ጠባብ ነው። አዲስ ሰው ሥራውን ቢሠራም የሚሰቅለው የታወቀና ዲጂታል ፊርማ ያለው አባል ነው። ፍጥነትን ይገድላል። እኔ ግን ፍጥነቱ ይቅርብኝ ባይ ነኝ።

## ሁለተኛው መፍትሔ፦ የ21 ቀን ደንብ

ዝም ብለው የጠፉት ጉዳይ ግን ገና አልተፈታም። የጠፉ ሰዎችን የሚፈልገው ቡድን የሚመለከተው ሰውየውን ነው፤ ሌላ ቦታ ንቁ ሆኖ አንዷን ፓኬጅ ብቻ የረሳ ሰው በዚያ መንገድ አይያዝም። ይህ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው።

በ2018 ዴቢያን ለዚህ ደንብ አወጣ። ሐሳቡ ችላ የተባለን ፓኬጅ ከነነፍሱ ማዳን ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ፓኬጁ በግልጽ ሥራ የሚፈልግና ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ያልታየበት ከሆነ፣ ሊረከበው የፈለገ ሰው ሐሳቡን በይፋ ይመዘግባል፤ ነባሩ ሜንቴይነርም እንዲደርሰው ይደረጋል። ከዚያ 21 ቀን ይጠበቃል። ተቃውሞ ካልመጣ ሥራው ይሰቀላል፤ ያም ቢሆን ወዲያው አይገባም፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ወረፋ ላይ ይቆያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ነባሩ ሰው «ቆይ፣ አለሁ» ካለ ሂደቱ ይቆማል።

ከጠቅላላው ጉዳይ የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ማንም አይከሰስም። «ሥራህን አልሠራህም» የሚል ውሳኔ የሚሰጥ ኮሚቴ የለም። ዝምታ ራሱ ፈቃድ ይሆናል፤ ግን ከበቂ ማስጠንቀቂያ በኋላ። ነባሩ ሰው አንድ መስመር ኢሜይል በመጻፍ ብቻ ፓኬጁን ማስቀረት ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ይነቃል፤ ወይም «ውሰደው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እፎይ ይላል።

በባህል ደረጃም ለውጥ አምጥቷል። ድሮ የሌላን ሰው ፓኬጅ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታይ ነበር። ደንቡ ሲጻፍ ጥያቄው የተለመደ የቢሮ ሥራ ሆነ። ዓይን አፋር ሰው የጽሑፍ ደንብ ካለው ይጠይቃል፤ ከሌለው አይጠይቅም። ፈቃደኛ ሠራተኛ ያለበት ቦታ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

## ፈተናው፦ ፓይተን 2

አንድ አሠራር የሚለካው ጫና ሲመጣ ነው። ጫናው የመጣው ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አበቃ። ዴቢያን በፓይተን 2 ላይ የቆሙ ፓኬጆችን ሁሉ ወደ ፓይተን 3 ማዛወር ወይም ማስወጣት ነበረበት። በ2019 ከኦገስት ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሪፖርቶች በአንድ ምልክት ተመዘገቡ። ከዚያ ዘመቻው ጀመረ።

ባለቤት ያለው ፓኬጅ ባለቤቱ አዛወረው። በቡድን የተያዘው በቡድኑ ተዛወረ። ባለቤት አልባው ላይ ሦስት ነገር ሆነ። ጥቂቱን ፈቃደኞች አዛወሩት። ለአንዳንዱ የሚወደው ሰው ተገኘና ተረከበው። ብዙው ግን ተወገደ። የፕሮግራሙ ደራሲ ራሱ ከዓመታት በፊት የተወው፣ ተጠቃሚው የተመናመነ፣ ሌላ አማራጭ ያለው ፓኬጅ ከነበረ ማስወገዱን የጥራት ቡድኑ ይጠይቃል፤ ማከማቻውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ያወጡታል።

ማስወገድ ሽንፈት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ አይመስለኝም። ማንም የማያየው ፓኬጅ ማከማቻው ውስጥ መቀመጡ ለተጠቃሚው የውሸት ቃል ነው፤ «ይህን የሚጠብቅ አለ» ይለዋል። በ2023 የወጣው 12ኛው ስሪት 6,296 ፓኬጆችን ጊዜ ያለፈባቸው ብሎ አስወግዷል። 13ኛው ደግሞ ከ8,840 በላይ። ጤናማ ማከማቻ እንዲህ ነው የሚተነፍሰው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከባድ ብልሽት እያለበት ማንም ያልነካው ፓኬጅ፣ ወሳኝ ካልሆነ፣ ለቀጣዩ ስሪት ከሚዘጋጀው ስብስብ በራሱ እንዲወጣ የሚያደርግ ስልት አለ። ተስተካክሎ ሲመጣ ይመለሳል። የሚቆጣው አይጠፋም፤ ግን ቁጣው ራሱ ብዙ ጊዜ ተረካቢ ያመጣል።

## ያልሠራው

በጣም ያልተሳካው ሁሉንም የተተወ ነገር በአንድ ክምር መያዝ ነው። ይህን ለማየት በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ፓኬጆችን የሚይዘውን የፐርል ቡድን እንመልከት። እዚያው ዴቢያን ውስጥ ያለ ቡድን ነው፤ ከሦስት ሺህ በላይ ፓኬጆችን በጋራ ይይዛል፣ ይሠራለትማል። ልዩነቱ ከሰዎቹ ትጋት ብቻ የመጣ አይደለም። የፐርል ፓኬጆች ይመሳሰላሉ። አንዱን ማስተካከል የቻለ መቶውን ያስተካክላል፤ አንድ ስክሪፕት ብዙ ሥራ ያቀልላል። የጥራት ቡድኑ ክምር ውስጥ ግን የድሮ ጌም፣ የፊዚክስ ማስያ፣ የማይታወቅ ፕሪንተር ድራይቨርና የሙዚቃ ማጫወቻ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሚያመሳስላቸው መተዋቸው ብቻ ነው። ከአንዱ የተማርከው ለሌላው አይሆንህም።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። የአማርኛና የግዕዝ ፊደል የያዘው አቢሲኒካ ፎንት በዴቢያን ውስጥ አለ፤ የሚይዘውም የፎንት ቡድኑ ነው። ከቡድኑ አባላት አማርኛ የሚያነብ ባይኖር እንኳ ፎንት እንዴት እንደሚዘጋጅ ስለሚያውቁ ፓኬጁ ይታደሳል። በዘርፍ የተዋቀረ ቡድን ጥቅሙ ይኸው ነው።

ሌላው ችግር የተጠቃሚ ቁጥር ነው። ዴቢያን የትኛው ፓኬጅ ስንት ኮምፒውተር ላይ እንዳለ የሚገምተው ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች በሚልኩት ቆጠራ ነው። ይወገድ አይወገድ ሲባል ይህ ቁጥር ይጠቀሳል። ለጌም ደህና መለኪያ ነው። ለአማርኛ የቃላት ማረሚያ ግን አይሆንም። አስፔል የሚባለው የቃላት ማረሚያ የሚጠቀምበት የአማርኛ መዝገበ ቃላት በዚህ ቆጠራ ከጀርመንኛው ጋር ቢወዳደር ምን እንደሚመጣ መገመት አያቅትም። ተተኪ የሌለው ፓኬጅ በቁጥር ብቻ ሊዳኝ አይገባም። የሚወስኑት ሰዎች ይህን የሚያውቁት ደግሞ የሚነግራቸው ካለ ነው። አንድ ተጠቃሚ «እኛ እንጠቀምበታለን፣ አታውጡት» ብሎ ቢጽፍ ሚዛኑ ይለወጣል። አማርኛ ተናጋሪ የኮምፒውተር ሰው ኮድ ባይጽፍ እንኳ ይህን ማድረግ ይችላል።

ሦስተኛው፣ የ21 ቀኑ ደንብ ራሱ ተረካቢ አይፈጥርም። ተረካቢ ሲኖር መንገድ ይከፍታል፤ ከሌለ ግን ምንም አይሆንም። ሰው ለማምጣት ሌላ ነገር ያስፈልጋል። በ2024 የተመረጠው የፕሮጀክቱ መሪ አንድ ሙከራ ጀመረ። አዳዲስ ሰዎች በየቀኑ ከተረሳ ፓኬጅ ላይ አንድ ብልሽት ይመርጣሉ፤ ልምድ ያለው ሰው አብሯቸው ሆኖ ይፈቱታል። «ፓኬጅ ተረከብ» ከሚል ጥሪ ይልቅ «ዛሬ ይህችን አንድ ነገር አብረን እንሥራ» የሚለው ለጀማሪ ይቀላል። ስንቱ ይዘልቃል የሚለውን ጊዜ ያሳየናል።

## ወደ ሌላ ፕሮጀክት የሚወሰደው

ዴቢያንን የሚያህል ፕሮጀክት ጥቂት ነው። ግን ሦስት ሰው የሚሠራበት የኪቦርድ ፕሮጀክት ወይም የአንድ ድርጅት የውስጥ ኮድ ማከማቻም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። ከዚህ ጉዳይ የሚጠቅመኝን እንዲህ ለይቼዋለሁ።

ከሁሉ በፊት «ትቼዋለሁ» ማለትን ቀላልና የማያሳፍር አድርጉት። አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ይብቃ። ምክንያት አትጠይቁ። ሰው በክብር መሄድ ከቻለ ይነግራችኋል፤ ካልቻለ ግን ይጠፋል።

የጋራ መያዣውን እንደ መናኸሪያ አስቡት። ከዚያ የሚወጡ መንገዶች ሊታወቁ ይገባል፦ ወይ ሰው ይረከበዋል፣ ወይ ከሚመሳሰለው ጋር ወደ አንድ ቡድን ይገባል፣ ወይ ይወገዳል። መውጫውን ሳትወስኑ «በጋራ እንይዘዋለን» ማለት ችግሩን ስሙን ቀይሮ ማስቀመጥ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ዝርዝሩን የሚያይ፣ ስሙ የታወቀ ሰው ይኑር። ዴቢያን ይህን የተመደበ ሰው ባለማስቀመጡ የተጎዳ ይመስለኛል።

መጠገን የሚችለውንና መረከብ የሚችለውን ለዩ። ጥገና ለብዙ ሰው ክፍት ይሁን፤ የሚለቀቀውን የሚፈርመው ግን የታወቀ ሰው ይሁን። የአርቹ ጉዳይ የተፈጠረው ሁለቱ በአንድ ክሊክ ስለሚገኙ ነው።

የመረከቢያ ደንቡን ደግሞ ማንም ሳይጠፋ ጻፉት። ሰው ከጠፋ በኋላ የሚጻፍ ደንብ በእሱ ላይ የተጻፈ ይመስላል፤ ጓደኞቹም ይቆጣሉ። ቀኑ 21 ይሁን 30 ለውጥ የለውም። ነባሩ ሰው በአንድ መልስ ማስቆም መቻሉ፣ መልስ ከሌለ ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ መቀጠሉ ነው ዋናው። የይለፍ ቃልና የዶሜይን ስም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ካለ ግን ይህ ሁሉ ደንብ አይሠራም፤ ከሁለት ሰው ያላነሰ መያዙን ዛሬውኑ አረጋግጡ።